መለዮው ብዙ፣ ደጁ አንድ

ቋንቋችን ለወታደር ልብስ ያወጣለት ስም በውስጡ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። «መለዮ» ይለዋል። ቃሉ «ለየ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ሲሆን፣ አንዱን ከሌላው የሚያስለይ ምልክት ማለት ነው። የምድር ጦሩን ከአየር ኃይሉ፣ አየር ኃይሉን ከባሕር ኃይሉ፣ ወታደሩን ከፖሊሱ፣ መኮንኑን ከተራው ወታደር የምንለየው በዚሁ ምልክት ነው። ያው ቋንቋ ግን እነዚህን ሁሉ ባንድነት ሲጠራ «መለዮ ለባሾች» ይላቸዋል። ለመለያ የተሠራው ነገር ተመልሶ የጋራ መጠሪያቸው ሆኗል።

የበዓል ሰልፍ በሚታይበት ዕለት ከአደባባዩ ዳር ቆሞ ከሚመለከተው ነዋሪና ሠራተኛ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን የወርቅ ክሩን፣ የሚያብረቀርቀውን ቁልፍና ነጩን ጓንት አይቶ «ይህ ሁሉ የሚባክን ገንዘብ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በልብሱ ድምቀት ይማረክና የትኛው ክፍል አማረ፣ የትኛውስ አነሰ እያለ ሲከራከር ይውላል። ሁለቱም አስተያየቶች ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ነገር ግን ጉዳዩን ላይ ላዩን ይዘውታል። እኛ እንደምናምነው መነሣት የሚገባው መሠረታዊ ጥያቄ ይህ ነው፦ በጦር ክፍሎች መካከል ያለው የልብስ ልዩነትና የወንድማማች ፉክክር ለአገር ጥንካሬ የሚሆነው መቼ ነው? የአገርን ደጅ ክፍት የሚያሳድረውስ መቼ ነው?

«በፉክክር የተያዘ ቤት ሳይዘጋ ያድራል» ይላሉ አበው። የቤቱ ሰዎች «አንተ ዝጋ፣ አንቺ ዝጊ» እየተባባሉ ሲገዳደሩ ሌሊቱ ያልፋል፤ ሌባው ግን በዚያ ሌሊት አይተኛም። ለተራ ቤት የተነገረው ይህ ምሳሌ ለጦር ሠራዊት ሲሆን ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ምክንያቱም የሠራዊት የመጀመሪያና የመጨረሻ ሥራው የአገርን ደጅ መዝጋት ነው።

በቅድሚያ ስለ ልብሱ እንናገር። የክብር ልብስ ስንል ወታደሩ ለውጊያና ለዕለት ሥራ ከሚለብሰው የተለየ፣ ለበዓል ሰልፍ፣ ለምርቃት፣ ለእንግዳ አቀባበልና ለጓዱ ቀብር የሚለብሰውን የደንብ ልብስ ማለታችን ነው። ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዘመናዊ ጦር ከመቋቋሙ አስቀድሞ በጦር ሜዳ ጀብዱ የፈጸመ አርበኛ የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ ያስር፣ ለምድ ይደርብ፣ በብር ያጌጠ ጋሻ ያነግብ ነበር። ይህ ሁሉ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ሰውየው ምን እንደሠራ ለሚያየው ሁሉ የሚናገር ምስክርነት ነበር። በአደባባይም በግብር አዳራሽም ፉከራ ሲያሰማ የሚቆጥረው የሠራውን ነበር፤ ያልሠራውን የሚፎክር ሰው የጓደኞቹ መሳቂያ ከመሆን አይድንም ነበር። «ፉክክር» የሚለው ቃል ከዚሁ ከፉከራ የወጣ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከመነሻው ሥራን በሥራ መለካት ነበር፤ ሌላውን ማጥፋት አልነበረም።

ዘመናዊው የደንብ ልብስ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ክብር ዘበኛ በቤልጂግ መኮንኖች እየሠለጠነ ካኪ ለበሰ። በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን የተነሡ ፎቶግራፎች የክብር ዘበኛ ወታደሮችን በሥርዓት ተሰልፈው፣ ካኪ ለብሰው፣ ብዙዎቹ ግን በባዶ እግራቸው ሆነው ያሳያሉ። እነዚሁ ባዶ እግሮች መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የወራሪውን ምሽግ ለመስበር ወደ ፊት የገሠገሡ ናቸው። ልብሱ ሙሉ ባልነበረበት ጊዜ ሥርዓቱና ክብሩ ሙሉ ነበር።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ የጦር ክፍሎቻችን እየበዙ ሲሄዱ አሠልጣኞቻቸውም በየፊናው ሆኑ። የምድር ጦሩ በእንግሊዞች፣ ክብር ዘበኛውና የቢሾፍቱው አየር ኃይል በስዊድኖች፣ ባሕር ኃይሉ በኖርዌዮች፣ የሐረር ጦር አካዳሚ በህንዶች ተደራጁ። እያንዳንዱ ክፍል ከአሠልጣኙ የወረሰውን ልማድ፣ የሰልፍ ደንብና የአለባበስ ወግ ይዞ አደገ። በምጽዋ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀን የውጭ አገር የጦር መርከቦች ሳይቀሩ ይገኙ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በባሕር ኃይል ልብስ ይታዩ ነበር። የክፍል ኩራት የሚባለው ስሜት ሥር የሰደደው በዚህ ሁኔታ ነው።

ታዲያ ይህ ኩራት ጥቅሙ ምንድነው? አንደኛ፣ መለዮ ሰላማዊውን ሕዝብ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1907 በሄግ የወጣው የጦርነት ሕግ ተዋጊ የሆነ ሰው ከሩቅ የሚታወቅ ቋሚ ምልክት እንዲኖረው ያዛል። ተዋጊው ካልተለየ ገበሬውና ነጋዴው ሁሉ ተዋጊ ተብሎ ይገደላል። ሁለተኛ፣ መለዮ ተጠያቂ ያደርጋል። መለዮ የለበሰ ሰው ክፍሉም ማዕረጉም ይታወቃል፤ መልካም ቢሠራ ክፍሉ ይመሰገናል፣ ሕዝብን ቢበድል ክፍሉ ያፍራል። ሦስተኛ፣ መለዮ ወታደሩን ከራሱ ስንፍና ይጠብቀዋል። ጫማውን በየማለዳው የሚወለውል፣ ቀበቶውን የሚያጠብቅ ሰው ጠመንጃውንም ሳይወለውል አያድርም። ስለዚህ የክብር ልብስ ወጪ በጠቅላላው ብክነት ነው የሚለው አስተያየት ሙሉ ሚዛን አይደፋም።

ልብስ ለክፍሉ የማንነት መግለጫ መሆኑን በሌላ አገር ታሪክም እናገኘዋለን። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1947 ከምድር ጦሩ ተለይቶ ራሱን የቻለ ክፍል ሲሆን፣ አብራሪዎቹ ለጊዜው የምድር ጦሩን ልብስ እንደለበሱ ቆዩ። በ1949 ሰማያዊ ልብስ ተሰጣቸው። ሕጉ ከለያቸው ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ጨርቁም ለያቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ልዩነቱ ጠብ የሚያመጣ ከሆነ ሁሉንም አንድ ዓይነት ልብስ አልብሶ መገላገል አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተግባር የሞከረውም አገር አለ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1968 የምድር፣ የባሕርና የአየር ኃይሎቿን አዋሕዳ አንድ ጦር አደረገችና ሁሉንም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ልብስ አለበሰች። ዓላማው ድርብ ወጪን መቀነስና አንድነትን ማጠናከር ነበር። ነገር ግን በተለይ መርከበኞቹ ከአባቶቻቸው የወረሱት ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ሲቀር ቅር ተሰኙ፤ ቅሬታውም በዓመታት ብዛት አልበረደም። በ1980ዎቹ አጋማሽ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ልብስ ተመለሰለት። በ2011 ደግሞ ባሕር ኃይሉና አየር ኃይሉ የጥንት ስማቸውን መልሰው አገኙ። ከዚህ የምንማረው አንድነት በልብስ ሰፊ መቀስ የሚቆረጥ ነገር አለመሆኑን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ፉክክሩ እንምጣ። ጤናማ ፉክክር ምን እንደሚያፈራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ከተማ ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ደገመው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ተራውን የወሰደው ማሞ ወልዴም የዚሁ ክፍል ልጅ ነበር። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ የ10,000 እና የ5,000 ሜትር ወርቆችን ያገኘው ምሩፅ ይፍጠር ግን ከአየር ኃይል የወጣ ነው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ለአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉም በማረሚያ ቤቶች ፖሊስ ውስጥ ያደገች ናት። የምድር ጦሩ መቻል፣ የፖሊሱ ኦሜድላ በእግር ኳሱም በአትሌቲክሱም ስማቸውን ያስጠሩ ክለቦች ናቸው።

እነዚህ ጀግኖች የተገኙት እንዲያው በዕድል አይደለም። እያንዳንዱ የጦር ክፍል የራሱን ልጅ ከሌላው አስበልጦ ለማሳየት ይተጋ ስለነበር፣ በመካከላቸውም ውድድር ስለነበረ ነው። ሯጩ በክፍሉ ውስጥ ጊዜ፣ አሠልጣኝና ምግብ ያገኝ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ ሲቀበላቸው የየትኛው ክፍል ልጅ እንደሆኑ አልጠየቀም። አበበንም፣ ማሞንም፣ ምሩፅንም «ሻምበል» ብሎ ጠራቸው፤ የሁሉም ማዕረግ በሕዝቡ አፍ ላይ አንድ ሆነ። ክፍል ከክፍል የተፎካከረበት ትርፍ ለአገር ገቢ ሆነ ማለት ይህ ነው።

ከውጭ ምሳሌዎች መካከል ደግሞ በአሜሪካ የምድር ጦርና የባሕር ኃይል አካዳሚዎች መካከል የሚደረገው ዓመታዊ ግጥሚያ ሊጠቀስ ይገባዋል። የዌስት ፖይንትና የአናፖሊስ ዕጩ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1890 በአሜሪካ እግር ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋጥመው ባሕር ኃይሉ 24 ለ0 አሸነፈ። ፉክክሩ ግን ወዲያው ልጓሙን በጠሰ። ከ1893ቱ ጨዋታ በኋላ አንድ አድሚራልና አንድ ጄኔራል እርስ በርስ ለመታኮስ እስከ መድረስ ተጣልተው እንደነበር ይነገራል። መንግሥት ከ1894 ጀምሮ ጨዋታውን አገደ። እንደገና የተፈቀደው በ1899 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በደንብና በሥርዓት ታስሮ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ዛሬ ይህ ግጥሚያ ሲካሄድ ከጨዋታው በፊት ሁለቱም አካዳሚዎች የክብር ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንዱ በግራጫ፣ ሌላው በጥቁር ሰማያዊ፣ ሜዳውን በሰልፍ ይሞሉታል። ምድር ጦሩ በቅሎን፣ ባሕር ኃይሉ ፍየልን ምልክቱ አድርጎ ያቀርባል። ለአንድ መንፈቅ በተቃራኒው አካዳሚ ሲማሩ የቆዩ ዕጩ መኮንኖች «የምርኮኛ ልውውጥ» በተባለ ሥርዓት ወደየክፍላቸው ይመለሳሉ። ስሙ ቀልድ ነው፤ ይዘቱ ግን ቀልድ አይደለም። ነገ አብረው የሚዘምቱ መኮንኖች አንዱ በሌላው ቤት በልቶ፣ ተኝቶና ተምሮ እንዲያድግ ያደርጋል። ጨዋታው ሲያበቃ ደግሞ አሸናፊዎቹ ከተሸናፊዎቹ ጋር ጎን ለጎን ሆነው በተሸነፈው ወገን ተመልካቾች ፊት ይቆማሉ፤ በቅድሚያ የተሸናፊው አካዳሚ መዝሙር ይዘመራል። የአሸናፊው መዝሙር የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ፉክክር የሚያምረው እንዲህ የሚዘጋበትን ሰዓት ሲያውቅ ነው።

ነገር ግን እነዚሁ ክፍሎች ከሜዳው ውጭ ሁልጊዜ እንዲህ ጎን ለጎን አልቆሙም። እ.ኤ.አ. በ1949 አንድ ትልቅ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሥራ ሲሰረዝ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንኖች ገንዘቡ ለአየር ኃይሉ ቦምብ ጣዮች ዋለ ብለው በአደባባይ ተነሡ፤ ጉዳዩ «የአድሚራሎች ዓመፅ» እስከ መባል ደረሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የጃፓን ምድር ጦርና ባሕር ኃይል መተማመን አቅቷቸው ምድር ጦሩ የራሱን የዕቃ ማጓጓዣ ሰርጓጅ መርከቦች እስከ መሥራት ደርሶ ነበር። ብረትና ነዳጅ በጠፋበት ጦርነት ውስጥ አንድ አገር ሁለት ባሕር ኃይል ለመሆን ሞከረች ማለት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ስሜት ዋጋ በሰው ነፍስ የተከፈለበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1980 አሜሪካ በቴህራን ኤምባሲዋ የታገቱባትን ሰዎች ለማስለቀቅ ጦር በምሥጢር ላከች። ሄሊኮፕተሮቹ የባሕር ኃይል፣ አብራሪዎቹ በአብዛኛው ማሪን የሚባለው የባሕር እግረኛ ጦር፣ የጭነት አውሮፕላኖቹ የአየር ኃይል፣ ሰብሮ ገቢዎቹ የምድር ጦር ነበሩ። ከተነሡት 8 ሄሊኮፕተሮች በብልሽትና በበረሃ አቧራ ምክንያት ለሥራ ብቁ ሆነው የተገኙት 5 ብቻ ስለነበሩ ዘመቻው ተሰረዘ። በመመለሻው ላይ አንድ ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 8 ሰዎች ሞቱ። ጉዳዩን ያጣራው ቡድን ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ እነዚህ ክፍሎች በሙሉ ባንድነት ሆነው አንድም የተሟላ ልምምድ አለማድረጋቸው ነበር። በ1986 ጎልድዋተር–ኒኮልስ የሚባለው ሕግ ወጣ። ሕጉ ከደነገጋቸው ነገሮች አንዱ ከራሱ ክፍል ውጭ በጋራ ምድብ ያልሠራ መኮንን በመደበኛው አሠራር የጄኔራልነት ማዕረግ እንዳያገኝ የሚያደርግ ነው። ልብሳቸውን አልነካም፤ የዕድገት መሰላላቸውን ግን አንድ ላይ አሰረው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከተንና ልንረሳው የማይገባን ግን የራሳችን የ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። ከሮም ድል በኋላ ገና ሦስት ወር ነበር። ታኅሣሥ 4 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ነዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አደረጉ። ጦር ሠራዊቱ በሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻ፣ አየር ኃይሉም በአዛዡ ሥር ሆነው በተቃራኒው ቆሙ። አዲስ አበባ የታንክና የመትረየስ ሜዳ ሆነች፤ አውሮፕላኖችም በሰማይዋ ላይ ለጥቃት ተሰማሩ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱ ባለሥልጣኖች ተረሸኑ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ ከሞቱትም መካከል በየሰፈሩ የነበሩ ሰላማዊ ነዋሪዎች ይገኙበታል።

የሙከራው ፖለቲካዊ ዓላማ ምን ነበር፣ በታሪክ ውስጥ ያለው ቦታስ የት ነው የሚለው ራሱን የቻለ ሰፊ ክርክር ነው። እዚህ የምናነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንድም በወንድሙ ላይ ሲተኩስ ብዙው ተራ ወታደር ለምን እንደተሰለፈ በቅጡ አያውቅም ነበር። የሚያውቀው ከፊቱ የቆመው ሰው የሌላ ክፍል መለዮ የለበሰ መሆኑን ነው። ወደዚያ ያደረሰው መንገድ ግን በአንድ ሌሊት አልተጠረገም። ክብር ዘበኛ በሥልጠናው፣ በትጥቁና በአያያዙ ከሌላው የተሻለ ተደርጎ ይታይ ነበር። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱትና አንድም ምርኮኛ ሳያስማርኩ የተመለሱት የቃኘው ሻለቃዎች በመሠረቱ ከእርሱ የተውጣጡ ነበሩ፤ ይህ የሚገባ ክብር ነው። ነገር ግን ተጠሪነቱ በቀጥታ ለቤተ መንግሥቱ ስለነበር፣ አንዱ ክፍል ሌላውን እንዲጠብቅ ተደርጎ የተደራጀ መስሎ ይታይ ነበር። በወታደሩ መካከል የነበረው ፉክክር በሥራ መለካቱ ቀርቶ በእንጀራና በባለሟልነት መለካት ጀመረ። በዚያው ዓመት ጦር ሠራዊቱ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቆ የተሰጠው መሆኑ ቅሬታው ከየት እንደመነጨ ያመለክታል።

እንግዲህ የአበበ ቢቂላ ክፍል በሮም የአገርን ስም ካስጠራ በኋላ በሦስት ወሩ ያ ሁሉ ደም ሲፈስ፣ የተለወጠው ልብሱ አልነበረም። ካኪው ያው ካኪ፣ ኩራቱም ያው ኩራት ነበር። ልዩነቱ የሮሙ ፉክክር ደንብ፣ ዳኛና የመጨረሻ መስመር ነበረው። የታኅሣሡ አንዳቸውም አልነበረውም።

ከዚህ ተነሥተን የክፍል ኩራት ጤናማ መሆኑን የምንመዝንባቸው ሦስት መለኪያዎች አሉ እንላለን። የመጀመሪያው፣ ልዩነቱ በልብሱ ላይ ይሁን እንጂ በእንጀራው ላይ አይሁን። እኩል አደጋ የሚጋፈጥ ወታደር እኩል ደመወዝ፣ እኩል ሕክምና፣ ቢሞትም ለልጆቹ እኩል ጡረታ ሊኖረው ይገባል። አንዱ ክፍል በግድግዳው ላይ የራሱን አርማ ቢሰቅል ማንንም አይጎዳም፤ አንዱ ጠግቦ ሌላው ተርቦ ሲያድር ግን ያ አርማ የቂም ምልክት ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ሁሉም በአንድ ሕግ ሥር ይተዳደር። ተጠሪነቱ ከሌላው የተለየ፣ ለግለሰብ ብቻ የሚታዘዝ ክፍል ባለበት አገር ወዳጃዊ ፉክክር የሚባል ነገር አይኖርም፤ ያለው መጠባበቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛው፣ የተለያየ መለዮ የለበሱ ሰዎች ከችግር ቀን በፊት አብረው ይሥሩ፣ አብረው ይማሩ፣ አብረው ይለማመዱ። አብራሪው የእግረኛውን ጭንቅ፣ እግረኛው የአብራሪውን ችግር በሰላሙ ጊዜ ያላወቀው እንደሆነ በጦርነቱ ጊዜ ሊያውቀው አይችልም።

ይህ ነገር የወታደሩ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የነዋሪዎች ማኅበር አባልና ሠራተኛው በሁለት በኩል ባለድርሻ ነው። በአንድ በኩል ያ የክብር ልብስ የተገዛው ከደመወዙ በተቆረጠ ግብር ነው፤ የለበሱትም የጎረቤቱ ልጆች ናቸው። በአንድ ግቢ ውስጥ የአንዷ እናት ልጅ አየር ኃይል፣ የሌላዋ ምድር ጦር፣ የሦስተኛዋ ፖሊስ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ልጆች በተኳኮሱ ጊዜ ሐዘኑ የሚቀመጠው በአንድ ድንኳን፣ ዕቃውም የሚመጣው ከአንድ እድር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሠራተኛው ራሱ የዚህ ዓይነቱ ፉክክር ተካፋይ ነው። የቀን ተረኛው ከሌሊት ተረኛው፣ የሽመና ክፍሉ ከፈትል ክፍሉ፣ የአንዱ ፋብሪካ ቡድን ከሌላው ቡድን ጋር ይፎካከራል። ቱታም መለዮ ነው። የሌሊት ተረኛው ማሽኑን አጽድቶ ለቀን ተረኛው ሲያስረክብ ፉክክሩ ምርትን ያሳድጋል። «የእርሱ ጉድለት ይታይ» ብሎ ብልሽቱን ሳይነግር ሲወጣ ግን ማሽኑ ይሰበራል፤ የሚከስረውም ሁለቱም እንጀራ የሚበሉበት ፋብሪካ ነው። በሰፈርም ቢሆን የላይኛውና የታችኛው መንደር ወጣቶች በኳስ ሜዳ ቢሸናነፉ መልካም ነው፤ እሳት የተነሣ ለት ግን ባልዲው የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም።

ስለዚህ የሰልፍ ቀን ሲመጣ «ለምን ለበሱ?» ብለን አንነቅፍም፤ «ማን አማረ?» በሚለውም ብቻ አንቆምም። ከዚያ አልፈን እነዚህ ልዩ ልዩ ልብሶች በአንድ ሕግ ሥር ናቸው ወይ? በእኩል ሞሰብ ይበላሉ ወይ? አብረው መዝመት ለምደዋል ወይ? ብለን መጠየቅ ይገባናል። ይህን መጠየቅ ሠራዊትን መድፈር አይደለም፤ ልጅን ከመውደድ የሚመጣ የባለቤትነት ጥያቄ ነው። መልሱ አዎንታዊ በሆነበት ቦታ ሁሉ ነጩም፣ ሰማያዊውም፣ አረንጓዴውም ልብስ ይድመቅ፤ አንዱ ክፍል ሌላውን በሩጫም፣ በኳስም፣ በሰልፍም ይብለጥ፣ ተበላጩም ለከርሞ ይዘጋጅ። መልሱ ሌላ በሆነበት ቦታ ግን የወርቁ ክር የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ደጁ ክፍት መሆኑን አይሸፍነውም።

መለዮ ለመለየት ነው፤ ለመለያየት አይደለም። ቀን በፉክክር የዋሉ ወንድማማቾች ማታ «አንተ ዝጋ» ሳይባባሉ በሩን አብረው መዝጋት አለባቸው።